የጉንጭ ቀለም፦ ምንነቱ፣ አመራረጡና አቀባቡ

የብለሽ ምንነት

ብለሽ (የጉንጭ ቀለም) ጉንጭ ላይ በስሱ የሚቀባ፣ ቀላ ያለ መዋቢያ ነው። ዓላማው ፊትን ሌላ ቀለም ማልበስ ሳይሆን ሰውነት ራሱ የሚያወጣውን ቅላት መምሰል ነው። ዳገት የወጣ፣ ምድጃ ዳር የቆየ ወይም ያፈረ ሰው ጉንጩ ይሞቃል፤ ከቆዳው ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ በውስጣቸው የሚያልፈውም ደም ይበዛል። ደሙን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን (ብረት ያለበትና ኦክስጅን የሚሸከም ፕሮቲን) ነው።

ይህ ቅላት በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይታይም። ለቆዳ መልኩን የሚሰጠው ሜላኒን የሚባል ቀለም ነው። ሜላኒን ሲበዛ የደሙ ቅላት በእርሱ ውስጥ አልፎ ስለሚታይ ጠቆርና ጠለቅ ይላል። የብለሽ መሠረታዊ መመዘኛ ከዚህ ይነሣል፦ ተስማሚ ቀለም ማለት የአንድ ሰው ደም በራሱ ቆዳ ውስጥ አልፎ ሲታይ የሚሰጠው ቀለም ነው።

የቀለሙ ምንጭ

የዱቄት ብለሽ አብዛኛው ክፍል ታልክ እና ሚካ የተባሉ፣ ልመው የተፈጩ ማዕድናት ናቸው። ቅላቱን ከሚሰጡት ቀለሞች አንዱ የብረት ኦክሳይድ (ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ውህድ) ነው። የወላይታን አፈር ቀይ ያደረገውም ይኸው ውህድ ነው። ሌላው ካርሚን ሲሆን፣ ኮቺኒል ከምትባል፣ በበለስ ተክል ላይ ከምትኖር ትንሽ ነፍሳት ይወጣል። ነፍሳቷ ለቀለም ምርት ተብላ ወደ ትግራይ ከገባች በኋላ በበለሱ ላይ ተባይ ሆናለች።

በቀይ ማዕድን መዋብ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የሐመር ሴቶች ቀይ አፈርን ከቅቤ ጋር ለውሰው ፀጉራቸውን ይቀባሉ። በድሬዳዋ አቅራቢያ ከሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻም 40,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ፣ በጠቅላላው 40 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ የቀይና የቢጫ ማዕድን ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ከመሬት የተዛቀ አፈር ግን ጠጠር፣ ተሐዋስያንና ሌሎች ብረቶች ሊኖሩበት ስለሚችል በብለሽ ፋንታ ፊት ላይ አይቀባም። ለመዋቢያ የሚውለው የብረት ኦክሳይድ በፋብሪካ ተጣርቶ የሚሠራ ነው።

ጉንጭ አመድ የሚመስልበት ምክንያት

ፈዛዛ ሮዝ ብለሽ የሚፈዝዘው ብዙውን ጊዜ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ስለሚጨመርበት ነው። ይህ ዱቄት ብርሃንን በየአቅጣጫው ይበትናል። በቀይ ሰው ቆዳ ላይ ችግሩ አይጎላም። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ነጩ ከሥሩ ካለው ጥቁረት ጋር ሲገናኝ ግራጫ ይሆናል፤ ጉንጩም አመድ የነካው ይመስላል።

እዚህ ላይ ጉድለቱ የቅመማው እንጂ የቆዳው አይደለም። ቀለሙን ደጋግሞ መቀባትም ነጩን ስለሚያበዛ ችግሩን ያባብሳል። መፍትሔው ነጭ ያልበዛበት፣ ጠለቅ ያለ ቀለም መምረጥ ነው። በማሸጊያው ውስጥ ሲያዩት የሚያስፈራ ደማቅ ቀለም ጠይም ቆዳ ላይ ሲያርፍ ለዘብ ይላል።

የቀለም አመራረጥ

በኢትዮጵያ መልክን ለመግለጽ የተለመዱት ቃላት ለምርጫው ጥሩ መነሻ ናቸው። ለቀይ ሰው ለስላሳ ሮዝና የኮክ ቀለም፣ ለቀይ ዳማ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሮዝ፣ ለጠይም የሸክላ ቀለም፣ ለጥቁር የቀይ ሥር ቀለምና ወይን ጠጅ ይስማማሉ። መልክ እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ቀለሙም አብሮ ይጠልቃል።

ተመሳሳይ መልክ ባላቸው ሰዎች መካከልም ልዩነት አለ። የአንዱ ቆዳ ወደ ቢጫ፣ የሌላው ወደ ቀይ ያደላል፤ ይህም የቆዳ ሥረ ቀለም ይባላል። በክንድ ላይ የሚታየውን የደም ሥር ማየት የተለመደ ዘዴ ቢሆንም በጠቆረ ቆዳ ላይ በግልጽ አይለይም። የታችኛው ከንፈር የውስጥ ገጽ የተሻለ ምልክት ይሰጣል፤ ሜላኒን በብዛት ካልሸፈነው የደሙ ቀለም እዚያ ይታያልና። ለዚያ ቀለም የቀረበ ብለሽ ጉንጭ ላይ ባዕድ አይመስልም።

የአቀባቡ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ፊት ታጥቦ ይደርቃል። ከዚያም በብሩሹ ጫፍ ጥቂት ዱቄት ይነሣና ትርፉ ይራገፋል። ቀለሙ የሚጀምረው ከጉንጩ አጥንት ላይ ሲሆን ከአፍንጫ ሁለት ጣት ያህል ይርቃል። ወደ አፍንጫ ከቀረበ ጉንፋን የያዘው ሰው መልክ ይሰጣል፤ ከአፍንጫ ቀዳዳ በታች ከወረደ ደግሞ ጉንጩን የወደቀ ያስመስለዋል።

ዓይን የቀለምን መስመር ተከትሎ ይሄዳል። በመሆኑም ለክብ ፊት ቀለሙ ከጉንጭ ወደ ጆሮ አናት ሰያፍ ሆኖ ሲሳብ ፊቱ ረዘም ይላል። ለረጅም ፊት በጉንጩ መካከል አግድም ሲቀባ ፊቱ ሰፋ ይላል። በሁለቱም የቀለሙ ዳር የት እንዳለቀ እስከማይለይ ድረስ ይታሻል፤ በሰውነት ላይ የሚመጣ ቅላት ቁርጥ ያለ ድንበር የለውምና።

የአየርና የብርሃን ተጽዕኖ

የብለሽ ዓይነት ምርጫ እንደ ቦታው ከፍታና አየር ይለያያል። ለምሳሌ በወላይታ፣ የሶዶ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስትሆን የአባያ ሐይቅ ዳርቻ ወደ 1,200 ሜትር ይወርዳል። በሞቃቱ ቆላ ክሬም ብለሽ ከላብ ጋር ስለሚንሸራተት ላብና ወዝ የሚመጠው ዱቄት ይመረጣል። በደጋው ቆዳ ሲደርቅ ክሬም ይሻላል። ሁለቱ አብረው ከተቀቡ ክሬሙ ይቀድማል፤ በዱቄት ላይ የተቀባ ክሬም ይጓጉላል።

ብርሃንም ቀለምን ይለውጣል። ቢጫ አምፖል ሥር በቂ የመሰለ ቀለም ፀሐይ ላይ ሊበዛ ስለሚችል ማመዛዘኛው የመስኮት ብርሃን ነው። በመስከረም በሚከበረው የወላይታ የጊፋታ በዓል የሚለበሰው ዱንጉዛ የተባለ ባህላዊ ልብስ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለቱ ደማቅ ነው። ከእርሱ ጋር ሸክላ መሰል፣ ረጋ ያለ ቀለም ሲሆን ልብሱና ፊቱ አይሻሙም።

ንጽሕናና ደኅንነት

ብሩሽ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና ታጥቦ በጎኑ ተጋድሞ ይደርቃል። ቆሞ ከደረቀ ውኃው ወደ ሥሩ ወርዶ ማጣበቂያውን ያላላዋል። ብሩሹ ለዓይን ቅርብ ስለሆነ በጋራ አይያዝም፤ ትራኮማን (የዓይን ማዝን) የመሰሉ ሕመሞች ከዓይን በሚወጣ ፈሳሽ አማካኝነት በእጅና በጨርቅ ይተላለፋሉ።

በማሸጊያ ላይ የአምራቹ ስምና የማብቂያው ጊዜ መኖሩ ይረጋገጣል። ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ውስጥ 12 ቁጥር ካለ፣ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ያገለግላል ማለት ነው። አዲስ ብለሽ አስቀድሞ በክንድ የውስጥ ገጽ ላይ ተቀብቶ አንድ ቀን ይጠበቃል። መዋቢያው የሚመስለው ቅላት ጤናማ ደም ወደ ጉንጭ ሲመጣ የሚታየው ነው፤ ከማሳከክ ጋር የመጣ ቅላት ግን የጉዳት ምልክት ስለሆነ ዕቃው ወዲያው ይተዋል።