ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ላላችሁ፦ ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት

ከኩዋላ ላምፑር ወደ ጃካርታ የምትዛወሩ ወገኖች፣ ቋንቋው ያው ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ገበያ ላይ ትግባባላችሁ፤ ችግሩ የሚመጣው ቢሮ ደጃፍ ነው።

ማሌዥያ ውስጥ «ፐጃባት» ቢሮ ነው። ጃካርታ ግን ባለሥልጣን ማለት ሲሆን ቢሮውን «ካንቶር» ይሉታል። በመጣሁ ሰሞን የአንድ ሕንፃ ጥበቃን «ፐጃባቱ የት ነው?» ብለው «የትኛውን ባለሥልጣን ፈልገህ ነው?» ብሎ በሥጋት አየኝ። «ከበናራን»ም እንዲሁ ነው፦ ማሌዥያ ቅጽ ላይ ፈቃድ፣ ኢንዶኔዥያ እውነት። እዚያ ፈቃድ ስትጠይቁ «ኢዚን» በሉ።

ማሌዥያ «ሆስፒታል ከራጃአን» የሚል ካያችሁ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። «ራጃ» ንጉሥ ነው፤ የኛም «መንግሥት» ከ«ንጉሥ» ጋር አንድ ሥር ስላለው ቃሉ ቶሎ ይያዝላችኋል። ኢንዶኔዥያዊ ግን «ከራጃአን» ሲባል የሚታየው የንጉሥ ግዛት ነው። መንግሥትን «ፐመሪንታህ» ይላል፤ «ፐሪንታህ» ትእዛዝ ነው።

ከሁሉ በላይ እንድታጠኑት የምለምናችሁ «ኩዋሳ»ን ነው። ሥልጣን ማለት ነው፤ ወረቀት ላይ ሲመጣ ግን የእናንተን ሥልጣን ለሌላ ሰው ያሳልፋል። «ሱራት ኩዋሳ» የውክልና ደብዳቤ ነው። ማሌዥያ «ሱራት ኩዋሳ ዋኪል» ይሉታል፤ ይህ «ዋኪል» የኛው «ወኪል» ነው፣ ሁለቱም ከአንድ ሴማዊ ሥር የመጡ። የኢንዶኔዥያው ወረቀት ግርጌ ላይ ሁለት የፊርማ ቦታ ታገኛላችሁ፦ «ፐምበሪ ኩዋሳ» ሥልጣን ሰጪው፣ «ፐነሪማ ኩዋሳ» ተቀባዩ። ወካይ ከሆናችሁ የናንተ ቦታ «ፐምበሪ ኩዋሳ» የሚለው ነው። እዚያ ላይ «መተራይ» የሚባለው ቴምብር ይለጠፋል፤ ከ2021 ጀምሮ ዋጋው 10,000 ሩፒያ ነው፤ ፊርማው ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ቤት ለማከራየት የሰጣችሁት ውክልና ቤት እንዳይሸጥበት፣ ምን ምን እንደሚፈቅድ የሚዘረዝረውን ክፍል ቃል በቃል አስተርጉሙ። ባዶ መስመር ካለበት አትፈርሙ፤ «ነገ እንሞላዋለን» የሚላችሁ ዘመድ ቢሆንም።

«ሀኪም» ሲባልም አትደናገሩ፤ በሁለቱም አገር ዳኛ ነው። ሲያማችሁ «ዶክተር» በሉ።