ከሕመምተኛ አልጋ እስከ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ የሚታወስ ነው። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ባይካድም አብዛኛው ወጣት ዛሬም ከዩኒቨርሲቲው በር ይመለሳል። እኔ በምኖርበት በለቡ ከዙሁር ሶላት በኋላ መስጊድ ደጃፍ ላይ ተደርድረው የሚቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ ከእነዚሁ ናቸው። ወላጆቻቸው «ወደቀ» ይሏቸዋል። ከባድ ቃል ነው፤ ልጅን አፈር ውስጥ እንደመክተት ይቆጠራል። ለእነርሱም ለወላጆቻቸውም የአንዲት ያገራችን ሴት ታሪክ ማንሳት ፈለግሁ።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ይባላሉ። የገጠር ልጅ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። ገና በለጋ ዕድሜያቸው ተድረው የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲያምጡ ምጡ ቀናት ፈጀ። ሕፃኑ ሞተ፤ እናቲቱም ፌስቱላ ለሚባለው ጉዳት ተዳረጉ። ምጥ ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ ሽንት ያለ ፈቃድ ይፈሳል። ባል ይሸሻል፣ ጎረቤት አፍንጫውን ይይዛል። እኝህን ወጣት ሴት እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ወደሚገኘው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አመጧቸው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያገለግሉ የነበሩት ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ተቀበሏቸው።

ጉዳቱ በአንድ ቀዶ ሕክምና የሚድን አልነበረም። ስለዚህ እዚያው ቆዩ። ዝም ብለው ግን አልተቀመጡም፤ የሌሎች ሕመምተኞችን አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ከአልጋው ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ተሻገሩ፤ መሣሪያ ያቀብላሉ፣ ያያሉ፣ ያስታውሳሉ። ዶክተር ሬጂናልድ የእኝህን ሴት ዓይንና እጅ አስተዋሉ። መስፋትን አስተማሯቸው፤ ቀጥሎ ቀላሉን፣ ቆይቶ ከባዱን ሥራ ሰጧቸው። ዓመታት አልፈው ወይዘሮ ማሚቱ ራሳቸው ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ሐምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1974 በከፈቱት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞች ሳይቀሩ ከእርሳቸው ሥር ቆመው ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሐምሊን ባልና ሚስት ጋር የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ። ቀዶ ሐኪሟ ይህን ሁሉ ሲሠሩ የኖሩት ማንበብ በወጉ ሳይችሉ ነው። ኋላ ላይ በጎልማሳ ዕድሜያቸው የማታ ትምህርት ቤት ገብተው ከታች ክፍል ጀመሩ።

ይህን ታሪክ ለለቡ ልጆች ሳወራ አንዱ ፈጠን ብሎ «ታዲያ ትምህርት ምን ያደርጋል?» አለ። የተሳሳተ አረዳድ ነው። ያን ሁሉ ክብር ያገኙት ሴት ሀ ሁ ለመቁጠር ያላፈሩት የትምህርትን ዋጋ ስለሚያውቁ ነው። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ወገን ነው። የተማሩት ሐኪም አልጋ አንጣፊዋን መርፌና ክር አስጨበጧቸው። ባያስጨብጧቸው ኖሮ ያ ሁሉ ተሰጥኦ ከአንሶላ ጋር ታጥቦ በቀረ ነበር።

በእኛ ታሪክ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ በሩፈይዳ ድንኳን እንዲታከሙ መደረጉን የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ሩፈይዳ ሴት ናት፤ ድንኳኗም የተተከለው መስጊድ ውስጥ ነው። ከበድር ምርኮኞች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ያልነበራቸው ማንበብና መጻፍ ይችሉ የነበሩት እያንዳንዳቸው አሥር አሥር የመዲና ልጆችን አስተምረው ነጻ ወጥተዋል። ሙያን ለሌላ ማስተላለፍ የአንድ ሰው ነጻነት ያህል ተመዘነ ማለት ነው። ያስተማሩት ደግሞ ትናንት ሰይፍ የመዘዙ ሙሽሪኮች መሆናቸውን ልብ ይሏል። በታቢዒኖች ዘመንም ከነጻ ወጪዎች ወገን የሆኑት ጥቁሩ ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕ የመካ ሙፍቲ እስከመሆን ደርሰዋል፤ ኸሊፋው ሱለይማን ኢብን ዐብዱልመሊክ ልጆቹን ይዞ የሐጅን ሥርዓት ሊጠይቃቸው ከፊታቸው እንደ ተማሪ እንደተቀመጠ ይተረካል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በለቡና በአካባቢው ጋራዡ፣ የብረታ ብረት ቤቱ፣ የእንጨት ሥራው ብዙ ነው፤ ከባለቤቶቹም ከእኛ ጋር በአንድ ሶፍ የሚሰግዱ አሉ። አንድ የማውቀው ልጅ ጋራዥ ገብቶ ሦስት ዓመት ቁልፍ ሲያቀብልና ዕቃ ሲያጥብ ኖረ። ሞተር ሲፈታ «ሂድ ሻይ አምጣ» ይባላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጁ ሙያውን ካወቀ ነገ ከጎን ሌላ ጋራዥ ይከፍታል ተብሎ ይፈራል። ሪዝቅ በአላህ (ሱ.ወ.) እጅ ነው እያልን በጁምዓ የምንሰማ ሰዎች ሰኞ ዕለት ሙያ እንደብቃለን። የሴቶቹ ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ እነርሱን እስከ ሻይ ማምጣቱ እንኳ የሚያስገባቸው የለም።

እንግዲህ የለቡ ባለሙያ ወንድሞቼን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ረዳት ስትቀጥሩ ደመወዙን እንደምትነግሩት ሁሉ በስንት ወር ምን እንደሚማር ንገሩት፤ ብትችሉ በጽሑፍ፣ ወላጁ ባለበት። በስድስት ወር ብየዳ፣ በዓመቱ ሞተር መፍታት፣ እንዲህ እያላችሁ። የመስጊዱ ጀመዓ ኮሚቴም ከመድረሳው መዝገብ ጎን ለእነዚህ ልጆች አንድ ደብተር ቢከፍት ወጪው የደብተሩ ዋጋ ነው። ስም የሚመዘግብ ከጠፋ እኔ ከዐስር በኋላ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።