ያረጀ ላንድሮቨር ስለ መሸጥ

በመቀሌ ከተማ አንድ ነጋዴ ከአባቱ የወረሰው፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት አሮጌ ላንድሮቨር የጭነት መኪና በግቢው ጥግ ለዓመታት ቆሞበታል እንበል። አንዱ መካሪ «ቀለም ቀብተህ ለመጣው ሽጠው» ይለዋል፤ ሌላው «ቁርጥራጭ ብረት ነውና በኪሎ አስመዝነው» ይለዋል። የፊተኛው ምክር ወደ ክርክር፣ የኋለኛው ወደ ኪሳራ የሚያደርስ ስለ ሆነ፣ ሻጭ አስቀድሞ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል።

ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የመኪና ኤግዚቢሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በዚያን ዘመን ከጦርነቱ የተነሣ በእንግሊዝ አገር የብረት እጥረት ስለ ነበረ፣ የአካሉ ላሜራ በአብዛኛው ከአሉሚኒዩም ቅይጥ ተሠራ፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። ስለዚህ የውጭ መልኩ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ሸክሙን የሚይዘው ሻንሲ ከሥር ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። የመቀሌ ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላትና አየሯም ደረቅ ስለ ሆነ ለብረት ትስማማለች። ነገር ግን መኪናው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ጨው ሲያመላልስ የኖረ እንደ ሆነ፣ ብናኙ እንደ ሣጥን ክፍት በሆነው ሻንሲ ውስጥ ቀርቶ ዝገትን ያፋጥናል። ሻንሲው በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ጤናማው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ድምፁ የታፈነ ነው።

ይህን ጉዳት በስቱኮና በቀለም መሸፈን ለሻጭ አይበጀውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ተዋዋዮቹ ዋስትናውን በውል ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል የደበቀ እንደ ሆነ ግን ይህ የውል ቃል አያድነውም። በአንጻሩ ገዢ አውቆት በገዛው ጉድለት ሻጭን ሊጠይቅ አይችልም።

እውነትን መናገር ዋጋን የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ፤ ስሌቱ ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ መኪናው ታድሶ 100 እጅ የሚያወጣ፣ እድሳቱም 55 እጅ የሚፈጅ ቢሆን፣ 45 እጅ ይተርፋል። ገዢ ከዚህ ላይ ስለ ድካሙ 10፣ ስላላየው ጉዳት ደግሞ 20 ቀንሶ 15 ብቻ ይሰጣል። ሻጭ ጉዳቱን አንድ በአንድ ቢያሳየው፣ ስላልታየው ጉዳት የሚቀነሰው ወደ 5 ሊወርድ፣ የሚከፈለውም 30 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግልጽነት ራሱ ዋጋ አለው።

ስለሆነም ሻጭ የሚከተለውን ይፈጽም፦

1ኛ/ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ያስተያይ፤ ሞተሩ ተለውጦ ከሆነ አስቀድሞ ይግለጽ።

2ኛ/ ንብረቱ የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን ያሟላ፤ ዕዳና እገዳ አለመኖሩንም ያረጋግጥ።

3ኛ/ የሞተሩን፣ የካምቢዮውን፣ የባሌስትራውን፣ የፍሬኑንና የሻንሲውን ሁኔታ መካኒክ አስመርምሮ በጽሑፍ ያዘጋጅ።

4ኛ/ ይህ ዝርዝር የውሉ አባሪ ሆኖ ገዢ ይፈርምበት፤ የስም ማዛወሩም ሳይዘገይ ይፈጸም።

የወለቁትንም ዕቃዎች መሰብሰብ አይዘንጋ፤ ለአዳሽ ሰው የመጀመሪያው መብራትና የበር እጀታ ከአዲስ ቀለም ይበልጥበታል። ነጋዴ መኪናውን የሚሸጠው አንድ ቀን ነው፤ በስሙ ግን ዘወትር ይነግድበታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።