ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ የመሣሪያ ስምና የመሣሪያ መግለጫ

በዚህ ትምህርት የምንመለከታቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከግሥ የመሣሪያ ስም የሚወጣበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድን መሣሪያ አይቶት ለማያውቅ ሰው በጽሑፍ የማስረዳት ዘዴ፣ ማለትም ገላጭ ድርሰት ነው። ለሁለቱም ማሳያ እንዲሆን የመረጥነው ማረሻን ወይም የሸማኔ መወርወሪያን አይደለም። በኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኝ፣ በእጅ የማይጨበጥ፣ ነገር ግን ሥራው ከሞላ ጐደል ከቃላት ጋር የሆነ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ምንባቡን በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ፦ አላካርት

ኮምፒዩተር ሲከፈት ከፊታችን የሚዘረጋው ገጽ ዴስክቶፕ ይባላል። በብዙ ዴስክቶፖች ጥግ ላይ ያለውን ምልክት ስንጫን በኮምፒዩተሩ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች በዝርዝር ይታያሉ። ይህ ዝርዝር ምናሌ ይባላል። ቃሉን ከምግብ ቤት ታውቁታላችሁ፤ ጆሮም «ምን አለ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ያቀራርበዋል። የኮምፒዩተሩም ምናሌ የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። በማእድ ቤት ቢኖርም በምናሌው ላይ ያልሰፈረ ወጥ እንደማይታዘዝ ሁሉ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ቢኖርም በምናሌው ላይ ያልሰፈረን ፕሮግራም ብዙ ሰው እንደሌለ ይቈጥረዋል። ሰፍሮም የማይነበብ ከሆነ ነገሩ ያው ነው።

ይህን ዝርዝር የሚደረድረው ማን ነው? ሊኑክስ በተባለው፣ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በተፈቀደው ሥርዓት ላይ ከሚሠሩት ዴስክቶፖች አንዱ ግኖም ነው። በግኖም ምናሌውን የሚደረድሩት ሥርዓቱን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ናቸው። ተጠቃሚው በበኩሉ የማይፈልገው ነገር ከፊቱ ተደርድሮ፣ የሚፈልገው ጠፍቶ፣ ስሙም በማያውቀው ቋንቋ ተጽፎ ሊያገኘው ይችላል። ምናሌውን ማስተካከል ከፈለገ የተበታተኑ ፋይሎችን እየፈለገ በእጁ መጻፍ ነበረበት። አላካርት ይህን ድካም ለማስቀረት የተሠራ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው የግኖም 2.16 እትም ውስጥ ተካቷል። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ምግብ ቤቱ አሰናድቶ በአንድነት የሚያቀርበውን ሳይሆን ከምናሌው አንድ በአንድ መርጦ ማዘዝን ያመለክታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። መስኮቱ ሲከፈት በግራ በኩል የምናሌው ክፍሎች፣ በቀኝ በኩል ደግሞ በተመረጠው ክፍል ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች ይታያሉ። በእያንዳንዱ አጠገብ ትንሽ ሣጥን አለ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ምልክት ከተነሣ ፕሮግራሙ ከምናሌው ይሰወራል፤ ምልክቱ ሲመለስ ፕሮግራሙም ይመለሳል። አዲስ ማስጀመሪያ ለመጨመር የፈለገ ሰው በሦስት ቦታ እንዲጽፍ ይጠየቃል፤ እነዚህም ስም፣ ትእዛዝና ማብራሪያ ናቸው። ስሙ በምናሌው ላይ የሚነበበው ነው። ትእዛዙ ለማሽኑ የሚተላለፈው ነው። ማብራሪያው ደግሞ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ ለሰው የሚናገር አጭር ቃል ነው።

እያንዳንዱ የምናሌ መስመር በስተጀርባው አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለው። ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። የፋይሉን አጻጻፍ የወሰነው በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፍሪዴስክቶፕ የተባለ የጋራ ፕሮጀክት ነው። በደንቡ መሠረት የፕሮግራሙ ስም በአንድ ፋይል ውስጥ በብዙ ቋንቋዎች ሊጻፍ ይችላል። «ስም» ከሚለው ቁልፍ ቃል ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የቋንቋው ምልክት ይገባል፤ የአማርኛ ምልክት «ኤ» እና «ኤም» የተባሉት ሁለቱ የላቲን ፊደላት ናቸው። በአማርኛ የተጻፈ መስመር ካልተገኘ ኮምፒዩተሩ ምልክት የሌለውን፣ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ የሆነውን መስመር ያቀርባል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ስለ ሆነ፣ የአማርኛውን መስመር ለመጻፍ የፊደል ችግር የለም። የሚያስፈልገው የሚጽፈው ሰው ነው።

አላካርት የሚያደርገው ለውጥ ሁሉ በተጠቃሚው የግል ማስቀመጫ ውስጥ ይጻፋል። ሥርዓቱ ሲጫን የመጣው የጋራ ቅጂ አይነካም፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ሲገናኙ የግሉ የጋራውን ይቀድመዋል። ስለዚህ በአንድ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይ እያንዳንዱ ተማሪ በየራሱ መግቢያ ስም የሚገባ ከሆነ፣ አንዱ ምናሌውን ወደ አማርኛ ቢመልሰው የሌላው እንደ ነበረ ይቈያል። የተበላሸ ቢኖርም ወደ ሥርዓቱ አደራደር መመለሻ የሚሆን አዝራር ተዘጋጅቶለታል።

እዚህ ላይ የቃላት ምርጫ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። በፍሪዴስክቶፕ ደንብ ውስጥ የምናሌን መስመር ከዐይን የሚያርቁ ሁለት ቁልፍ ቃላት ይገኛሉ። አንዱ «አታሳይ» የሚል ትርጕም ያለው ሲሆን፣ ፕሮግራሙ አለ፣ ነገር ግን በምናሌው ላይ አይውጣ ማለት ነው። ሌላው ቃል በቃል «የተደበቀ» ማለት ነው፤ ሥራው ግን መደበቅ አይደለም። ተጠቃሚው ያንን መስመር በራሱ በኩል እንደ ሰረዘው ይቈጠራል። የደንቡ ጸሐፊዎች ራሳቸው ይህ ቁልፍ «የተሰረዘ» መባል ይገባው እንደ ነበር በዚያው ደንብ ውስጥ ጽፈዋል። ነገር ግን ስሙ ቀድሞ በብዙ ፋይሎች ውስጥ ስለ ገባ እንደ ወጣ ቀርቷል።

በ2011 እ.ኤ.አ. ግኖም 3 ሲወጣ የቀድሞው ተዘርጊ ምናሌ በሌላ ዓይነት ገጽ ተተካ፤ የአላካርትም ሥራ በዚያው መጠን ቀነሰ። የቀድሞውን አሠራር የወደዱ ሰዎች ግን በዚያው ዓመት ማቴ የተባለውን ዴስክቶፕ ከግኖም 2 ቀድተው ማዘጋጀት ጀመሩ። አላካርትንም አብረው ወስደው ሞዞ አሉት። ሞዞ በስፓንኛ አስተናጋጅ ማለት ነው። ከምናሌ ወደ አስተናጋጅ መሸጋገራቸው የሚያስመሰግን ስያሜ ነው።

ሰዋስው፦ ከግሥ የሚወጣ የመሣሪያ ስም

በምንባቡ ውስጥ «ማስጀመሪያ»፣ «ማስቀመጫ»፣ «መመለሻ» የሚሉትን ቃላት አግኝታችኋል። ሦስቱም ከግሥ የወጡ ናቸው። በፊት «መ-» ወይም «ማ-»፣ በኋላ «-ያ» እየተጨመረ የመሣሪያ ስም ይገኛል፦ ጻፈ፣ መጻፊያ፤ ፈለገ፣ መፈለጊያ፤ ላከ፣ መላኪያ፤ አነበበ፣ ማንበቢያ።

የግሡ የመጨረሻ ድምፅ ተ፣ ደ፣ ዘ፣ ሰ፣ ጠ፣ ነ ወይም ለ ሲሆን ግን «-ያ» ለብቻው አይሰማም፤ ከፊቱ ያለውን ድምፅ ለውጦ ከእርሱ ጋር ይዋሐዳል። ከፈተ «መክፈቻ» ይሆናል፤ ወሰደ «መውሰጃ»፣ ያዘ «መያዣ»፣ ለበሰ «መልበሻ»፣ ቈረጠ «መቍረጫ»፣ መዘነ «መመዘኛ»፣ ሣለ «መሣያ» ይሆናሉ። «መክፈቲያ» የሚል ጸሐፊ ካያችሁ ይህን ሕግ የዘነጋ ነው። ይኸው ቅርጽ ቦታንም ያመለክታል፤ «መግቢያ»፣ «መውጫ»፣ «ማስቀመጫ» እንዲሁ ናቸው።

ይሁን እንጂ በሕጉ መሠረት የወጣ ቃል ሁሉ ለምናሌ ይስማማል ማለት አይደለም። ሒሳብ የሚሠራውን ፕሮግራም «መቍጠሪያ» እንበለው ብንል ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ አንባቢው ግን የሚያስበው በመነኰሳት እጅ ያለውን የጸሎት መቍጠሪያ ነው። «መዝጊያ» ብንልም በሩን ያስታውሰዋል። «መጫወቻ» የሕፃን ዕቃ ነው። ቋንቋው ቀድሞ ሥራ የሰጠውን ቃል ለሌላ ሥራ ስንጠራው አሮጌው ትርጕም ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ «የሒሳብ ማስሊያ»፣ «ጨዋታዎች» ማለት ይሻላል። ቃሉ ጥቂት ቢረዝም ጕዳት የለውም።

ስም ወይስ ትእዛዝ?

በፕሮግራሞች ውስጥ «ክፈት»፣ «ዝጋ»፣ «አስቀምጥ» የሚሉ ቃላት ይገኛሉ። እነዚህ የትእዛዝ አንቀጽ ናቸው። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ አይቸገርም፤ የትእዛዝ ቃሉ ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለአዛውንትም አንድ ነው። አማርኛ ግን ገና አፉን ሲከፍት የሚያነጋግረውን ሰው መለየት አለበት፦ ክፈት፣ ክፈቺ፣ ክፈቱ፣ ይክፈቱ። ማሽኑ ከፊቱ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ አያውቅም። አንዲት ተማሪ «ክፈት» የሚለውን ስታነብ ቃሉ የተጻፈው ለወንድሟ ነው፤ አያቷም ቢያነቡት እንደ ልጅ ታዘዙ ማለት ነው። ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም፤ በአማርኛ አክብሮት ያለው በግሡ ውስጥ ነውና።

እርግጥ ማዘዝ ያለበት ተጠቃሚው፣ መታዘዝ ያለበት ደግሞ ማሽኑ ስለ ሆነ፣ «ክፈት» የሚለው ሰው ለማሽኑ የሚናገረው ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ክርክሩ መሠረት አለው። ነገር ግን በመስኮቱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ሰው የሚያነበው ለራሱ እንደ ተነገረ አድርጎ ነው።

መውጫው ምንድን ነው? በምናሌ ላይ ለሚሰፍር ማስጀመሪያ ስም ይበቃል፤ «የሥዕል መመልከቻ»፣ «የጽሑፍ ማዘጋጃ» ሲባል ማንም አልታዘዘም። ድርጊት መጥቀስ የግድ በሆነበት ቦታ ደግሞ ተደራጊውን ግሥ መጠቀም ይቻላል፦ ይከፈት፣ ይዘጋ፣ ይሰረዝ። ይህ ወንድና ሴት፣ ታናሽና ታላቅ ሳይለይ ለሁሉ ይሆናል። ትንሽ የቃለ ጉባኤ ቃና እንዳለው አይካድም፤ ከ«ክፈት» እና ከ«ይክፈቱ» መካከል አንዱን ለመምረጥ ከመጨነቅ ግን ይቀላል።

ድርሰት፦ መሣሪያን መግለጽ

ወደ ምንባቡ ተመለሱና አካሄዱን ተመልከቱ። የመስኮቱን ቀለምና ስፋት በመናገር አልጀመረም። መጀመሪያ ችግሩን አስቀደመ፤ ምናሌው ለሁሉ አንድ ሆኖ መምጣቱን ተናገረ። መሣሪያው የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንባቢው እንግዳ የሆነውን ምናሌ በሚያውቀው የምግብ ቤት ዝርዝር አስጀመረው፤ ንጽጽሩን ግን እስከ መጨረሻው አልጐተተውም። መሣሪያው የማይሠራውንም ተናገረ፤ የጋራው ቅጂ አይነካም የሚለው ዐረፍተ ነገር ከምስጋና ብዛት ይልቅ አንባቢውን ይጠቅመዋል።

ማብራሪያ ስትጽፉ የምትጠብቁት አንድ ደንብ አለ፤ ፍሪዴስክቶፕም ይህንኑ ያዝዛል። ማብራሪያ ስሙን መድገም የለበትም። ለ«ድምፅ መቅረጫ» የተሰጠው ማብራሪያ «ድምፅ የሚቀርጽ ፕሮግራም» ከሆነ አንባቢው ምንም አላተረፈም። «በማይክሮፎን የገባውን ንግግር ወይም ዜማ በፋይል ያስቀራል» ቢባል ግን ከስሙ ያላገኘውን ያገኛል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. በአላካርት አንድን ፕሮግራም ከምናሌ መሰወር ፕሮግራሙን ከኮምፒዩተሩ ከማጥፋት በምን ይለያል?
2. የግሉ ፋይል የጋራውን ይቀድማል ማለት ምን ማለት ነው? በራሳችሁ ቃል አስረዱ።
3. የፍሪዴስክቶፕ ደንብ ጸሐፊዎች ስሕተት መሆኑን የገለጹትን ስም ለምን አልቀየሩትም?

ለ. ደበቀ፣ ሰረዘ፣ አጠፋ፣ አነሣ የሚሉትን አራት ግሦች በየዐረፍተ ነገሩ አግቡ። በአንዱ ቦታ ሌላው ቢተካ ትርጕሙ የሚለወጠው የት የት ላይ እንደ ሆነ አመልክቱ።

ሐ. ከነዚህ ግሦች የመሣሪያ ስም አውጡ፤ ድምፁ የተለወጠውን አስምሩበት፦ ዐተመ፣ ቀዳ፣ ጫነ፣ ዐደሰ፣ ሰደደ፣ ጨመቀ፣ ቀረጸ።

መ. ፎቶግራፍ ለማየት፣ ደብዳቤ ለመጻፍና የቀን አቈጣጠር ለመመልከት ለሚያገለግሉ ሦስት ፕሮግራሞች የምናሌ ስምና ማብራሪያ ጻፉ። ስሙ ከሦስት ቃላት አይብለጥ፤ ማብራሪያው ስሙን አይድገም፤ በሁለቱም ውስጥ የትእዛዝ አንቀጽ አይግባ።

ሠ. በቤታችሁ ካሉት መሣሪያዎች አንዱን፣ ለምሳሌ ወንፊትን፣ ሙቀጫን ወይም የእንዝርትን አሠራር መርጣችሁ ከ150 እስከ 200 ቃላት ባለው ገላጭ ድርሰት አስረዱ። የመሣሪያውን ስም እስከ ሁለተኛው አንቀጽ ድረስ አትጥሩ። ድርሰቱን ለጓደኛችሁ አንብቡለት፤ ስሙ ከመጠራቱ በፊት መሣሪያውን ካላወቀው፣ ያላወቀበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጋችሁ እንደ ገና ጻፉት።