ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ቅድሚያ መክፈል፦ ስያሜው፣ መጠኑና ቅደም ተከተሉ

አኅጽሮተ ጥናት

የግል መኖሪያ ቤቱን የሚያሠራ ወይም የሚያሳድስ ሰው ከሥራ ተቋራጭ ጋር ሲዋዋል በመጀመሪያ ከሚያጋጥሙት ጥያቄዎች አንዱ፣ ሥራው ሳይሠራ ገንዘብ መክፈል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ይህ አጭር ጥናት ጥያቄውን ከ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግና ከውል ኢኮኖሚክስ አንጻር ይመረምራል። ጥናቱ ሁለት ነጥቦችን ያስረዳል። አንደኛ፣ አሳሳቢው ቅድሚያ መክፈል በራሱ ሳይሆን፣ የተከፈለው ገንዘብ ከተሠራው ሥራ ዋጋ በልጦ የሚገኝበት መጠንና ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ በደረሰኝ ላይ የሚሰፈረው ስያሜ «ቀብድ» ወይም «ቅድሚያ ክፍያ» መባሉ ውሉ በሚፈርስበት ጊዜ የሚከተለውን ውጤት ይለውጣል።

1. መግቢያ

በከተሞቻችን የግል ቤት ግንባታ በአብዛኛው ከሁለት መንገዶች በአንዱ ይከናወናል። አንደኛው «የእጅ ዋጋ» የሚባለው ነው፤ ባለቤቱ ሲሚንቶውን፣ ፌሮውን፣ አሸዋውንና ጠጠሩን ራሱ ገዝቶ ሲያቀርብ ተቋራጩ ሠራተኛና ሙያ ያቀርባል። ሁለተኛው ዕቃውንም ሥራውንም ተቋራጩ አጠቃሎ የሚይዝበት ነው። በሁለቱም ተቋራጩ አስቀድሞ ገንዘብ መጠየቁ የተለመደ ቢሆንም የሥጋቱ ክብደት ግን አይመጣጠንም። በመጀመሪያው የሚጠየቀው ገንዘብ ለሠራተኛ ክፍያና ለመሣሪያ ኪራይ የሚውል ሲሆን፣ በሁለተኛው የዕቃ መግዣው ጭምር በተቋራጩ እጅ ይገባል።

ብዙ ባለቤቶች ይህን ጉዳይ የሚፈቱት በትውውቅና በመተማመን ነው። መተማመን ለማንኛውም ውል አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ሰው ቃል ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረግ ሁለቱንም ወገን ለፈተና ያጋልጣል።

2. ቅድሚያ ክፍያ ለምን ይጠየቃል?

ቅድሚያ የሚጠይቅ ተቋራጭ ሁሉ ተንኮል አለበት ማለት አይቻልም። ጥያቄው ቢያንስ ሦስት እውነተኛ ምክንያቶች አሉት። የመጀመሪያው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ እጥረት ነው፤ አነስተኛ ተቋራጭ ለባንክ በመያዣነት የሚያቀርበው ንብረት ስለማይኖረው በተግባር አበዳሪው ራሱ ባለቤቱ ይሆናል። ሁለተኛው የዋጋ ንረት ነው። በተለይም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ በሚገቡ የማጠናቀቂያ ዕቃዎች ላይ ዛሬ የተሰጠ ዋጋ ከወራት በኋላ ላይሠራ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፤ ስለሆነም ዕቃውን ቶሎ ገዝቶ ማስቀመጥ ለሁለቱም ይጠቅማል። ሦስተኛው የተቋራጩ የራሱ ሥጋት ነው። የተገነባ ግድግዳ ወይም የተነጠፈ ሴራሚክ ባለቤቱ አልከፍልም ቢል ተነቅሎ የሚወሰድ ነገር አይደለም።

በአንጻሩ የባለቤቱ ሥጋት ከሁለት ምንጮች ይነሣል። አንደኛው የመረጃ አለመመጣጠን ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ጥራት ገዥው በማያውቅበት ገበያ ጥሩውና መጥፎው በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ በመጨረሻም ጥሩው ከገበያው ይሸሻል። በግንባታም መጥፎው ተቋራጭ ከጥሩው ያላነሰ ጥሩ ቃል ይገባል። ሁለተኛው ምንጭ የማንኛውም ውል ጎዶሎነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሸለሙት ኦሊቨር ሃርትና ቤንግት ሆልምስትሮም የውልን ንድፈ ሐሳብ ሲያዳብሩ ከመረመሯቸው ጉዳዮች መካከል ሁለቱ ለዚህ ርእስ ይጠቅማሉ፤ እነርሱም ክፍያ የሠሪውን ትጋት እንዴት እንደሚመራና ውል የወደፊቱን ሁሉ አስቀድሞ ሊጽፍ አለመቻሉ ናቸው። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ያልተጠበቀ ነገር በገጠመ ጊዜ የመደራደር አቅም የሚኖረው ገንዘቡን በእጁ የያዘው ወገን ነው።

3. ቀብድ ወይስ ቅድሚያ ክፍያ?

በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱ ቃላት እየተቀያየሩ ያገለግላሉ። በሕግ ፊት ግን የተለያዩ ናቸው። ቀብድ በፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ባሉት ድንጋጌዎች ይገዛል። በቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ውሉ ሲፈጸም ተቀባዩ ቀብዱን ይመልሳል ወይም ከሚከፈለው ዋጋ ላይ ያስባል። ዋናው ጉዳይ ግን በቁጥር 1885 ይገኛል፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን በመልቀቅ፣ የተቀበለው ወገን ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ በመክፈል ውሉን ማፍረስ ይችላሉ። ይህም ማለት ቀብድ ለሁለቱም ወገን ዋጋ የተቆረጠለት የመውጫ በር ነው።

ቅድሚያ ክፍያ ግን የጠቅላላው ዋጋ አንድ ክፍል አስቀድሞ የሚከፈልበት መንገድ እንጂ የመውጫ በር አይደለም። ውሉ ቢሰረዝ ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ውሉ ከመደረጉ በፊት ወደ ነበሩበት ሁኔታ እንዲመለሱ ስለሚያዝ፣ ሥራ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ጥፋት ያለበትም ወገን በተጨማሪ ኪሣራ ሊጠየቅ ይችላል።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ባለቤት 300,000 ብር ከፍሎ በደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ቢጻፍና ሥራው ሳይጀመር በሕመም ምክንያት ግንባታውን ቢተው፣ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ሊያጣ ይችላል። «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ቢሆን ግን ክርክሩ የሚሆነው ተቋራጩ በእርግጥ ስለደረሰበት ጉዳት ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ አንዲት ቃል ይህን ያህል ትመዝናለች።

ሌሎች ሦስት ድንጋጌዎችም መታወስ ይገባቸዋል። በቁጥር 1757 መሠረት አንድ ተዋዋይ ሌላውን እንዲፈጽም ሊጠይቅ የሚችለው በመርሕ ደረጃ የራሱን ግዴታ የፈጸመ ወይም ወዲያውኑ ለመፈጸም የተዘጋጀ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ «መጀመሪያ ክፈል» ወይም «መጀመሪያ ሥራ» የሚለው ቅደም ተከተል በውሉ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል። በቁጥር 1922 መሠረት ዋስ የሚገባው ሰው ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በዋስትናው ውል ካልተገለጸ ዋስትናው ውጤት አይኖረውም። ቁጥር 3039 ደግሞ የሥራ ተቋራጩ ለሥራው መልካም አፈጻጸምና ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም።

ይሁን እንጂ መብት ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ለየቅል ናቸው። ፍርድ ቤት «ይመልስ» ብሎ ቢወስን እንኳ ተቋራጩ በስሙ የሚያዝ ንብረት ከሌለው ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ለባለቤቱ ዋነኛው መከላከያ የክፍያው አወቃቀር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ሥጋቱን በአኃዝ ማስላት

ጠቅላላ ዋጋው 1,000,000 ብር የሆነ የማጠናቀቂያ ሥራ እናስብ። ሥራው ሁሉ ተጠናቆ በመጨረሻ ይከፈል ቢባል፣ ከርክክብ በፊት ተቋራጩ በ1,000,000 ብር ይጋለጣል። ግማሹ በቅድሚያ ይከፈል ቢባል ደግሞ ባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን በ500,000 ብር ይጋለጣል። ተቋራጩ የ200,000 ብር ሥራ ሠርቶ ቢጠፋ በባለቤቱ እጅ የሚቀረው 500,000 ብር ሲሆን የቀረው ሥራ ግን በድሮው ዋጋ እንኳ 800,000 ብር ይፈልጋል። ሌላ ሰው የጀመረውን ሥራ ተረክቦ ለመጨረስ የሚስማማ ተቋራጭ ደግሞ ከቀድሞው ዋጋ ከፍ አድርጎ መጠየቁ አይቀርም።

አሁን ሌላ አወቃቀር እንመልከት። 15 በመቶ፣ ማለትም 150,000 ብር፣ በቅድሚያ ይከፈላል። ሥራው እያንዳንዳቸው 200,000 ብር በሚያወጡ አምስት ደረጃዎች ይከፈላል። እያንዳንዱ ደረጃ ተለክቶ ሲረጋገጥ ከ200,000 ብር ላይ ለቅድሚያ ክፍያው ማካካሻ 30,000 ብር፣ ለመያዣ 5 በመቶ ማለትም 10,000 ብር ተቀንሶ 160,000 ብር ይከፈላል። የመጀመሪያው ደረጃ ተከፍሎ ሲያበቃ ባለቤቱ የከፈለው ከተሠራው በ110,000 ብር ይበልጣል፤ ከሁለተኛው በኋላ በ70,000፣ ከሦስተኛው በኋላ በ30,000 ብር ብቻ። ከአራተኛው በኋላ የተሠራው ከተከፈለው በ10,000 ብር ይበልጣል፤ ከአምስተኛው በኋላ 50,000 ብር በመያዣነት ይቀራል፤ ይህም ጉድለት ታይቶ ከታረመ በኋላ ይለቀቃል።

አወቃቀሩ ለተቋራጩ ፍጹም ነው ማለት ግን አይደለም። አምስተኛው ደረጃ ተጠናቅቆ ክፍያው እስኪፈጸም ድረስ 1,000,000 ብር የሚያወጣ ሥራ ሠርቶ የተቀበለው 790,000 ብር ብቻ ስለሆነ በ210,000 ብር ይጋለጣል። መፍትሔው የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች በትናንሽ ክፍሎች መከፋፈልና ልኬት በተደረገ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ክፍያ እንዲፈጸም በውሉ ማስፈር ነው። ደረጃዎቹም በጊዜ ሳይሆን በሚታይ ሥራ መለካት አለባቸው፤ «ከአንድ ወር በኋላ» ከማለት «የውስጥ ልስን ሲጠናቀቅ» ማለት ይሻላል።

5. የሌሎች ልምድና ከውጭ አገር ሆኖ ማሠራት

መንግሥት ራሱ ሲያሠራ ገንዘቡን በነጻ አይለቅም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ግዥ አፈጻጸም መመሪያ ቅድሚያ ክፍያ ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ተቋራጩም ተመጣጣኝ ዋስትና እንዲያቀርብ ይደነግግ ነበር። ለግል ቤት አሠሪ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቅድሚያ ክፍያ ጣራ አላበጀም፤ ጉዳዩን ለተዋዋዮች ነጻነት ትቶታል።

በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ሕጉ ለግለሰቡም ጣራ አኑሯል። በካሊፎርኒያ ለቤት ማሻሻያ ሥራ የሚጠየቅ የመነሻ ክፍያ በመርሕ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው፣ መብለጥ የለበትም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ደግሞ ጣራው ከውሉ ዋጋ አንድ ሦስተኛ ነው። በመሆኑም በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እዚያ ወጥ ቤቱን ሲያሳድስ በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ቤት ሲያሠራ ግን ጣራውን ራሱ ማበጀት ይኖርበታል።

ከውጭ ሆኖ የሚያሠራ ሰው ተጨማሪ ችግር አለበት፤ ደረጃው መጠናቀቁን በዐይኑ ማየት አይችልም። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚቀበለውም፣ ሥራው መሠራቱን የሚያረጋግጠውም አንድ የቅርብ ዘመድ ይሆናል። እነዚህን ሁለት ተግባራት መለየት ተገቢ ነው፤ ዘመዱ በውክልና ይፈርም፣ ልኬቱን ግን ከተቋራጩም ከዘመዱም ጋር ጥቅም የማይጋራ መሐንዲስ ያረጋግጥ። ይህ ዘመድን መጠራጠር ሳይሆን ነገሩ ቢበላሽ ከሐሜት ማዳን ነው።

6. መደምደሚያ

«ሳይሠራ ልክፈል?» ለሚለው ጥያቄ የዚህ ጥናት መልስ እንዲህ የሚል ነው፤ ሥራ ለማስጀመር የሚበቃውን ያህል ይከፈል፣ ገንዘቡም ከሥራው ርቆ እንዳይቀድም በውል ይታሰር። ለዚህም የሚከተሉት ይመከራሉ።

ሀ) ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በቁጥር 1727 መሠረት ተዋዋዮችና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ክፍያውም በባንክ በኩል ይፈጸም።

ለ) አስቀድሞ የሚከፈለው ገንዘብ ቀብድ ወይም ቅድሚያ ክፍያ መሆኑ፣ ከእያንዳንዱ ክፍያም እንዴት እንደሚቀነስ በግልጽ ይጻፍ።

ሐ) የዋጋ ንረት የሚያሠጋ ከሆነ ባለቤቱ ለተቋራጩ ጥሬ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ለዕቃ አቅራቢው በቀጥታ ከፍሎ ዕቃውን በስሙ ይረከብ። በቁጥር 1186 መሠረት የሚንቀሳቀስ ግዙፍ ዕቃ ባለቤትነት ለገዥው የሚተላለፈው በእጁ ሲያደርገው ነው።

መ) ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ከተጠየቀ ከፍተኛ መጠኑ የተገለጸ የዋስትና ውል ይቅረብ።

ሠ) ተቋራጩ ሥራውን አቋርጦ ቢሄድ ባለቤቱ ሌላ ከመቅጠሩ በፊት በቁጥር 1772 እና ተከታዮቹ መሠረት በቂ ጊዜ ሰጥቶ በጽሑፍ ያስጠንቅቅ፤ የተሠራውንም በባለሙያ አስለክቶ በፎቶግራፍ ያስቀር። ከአዲሱ ሥራ በታች የተቀበረ ማስረጃ ተመልሶ አይገኝም።