«እስረኛው»፦ ዕድሜው ያጠረ፣ ጥያቄው ያልሞተ ትርኢት

የአንድ ሥራ ታላቅነት በዕድሜው ርዝመት የሚለካ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በቴሌቪዥን ዓለም ግን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ብዙ ዓመት ሲታዩ ኖረው ባበቁ ማግስት የሚረሱ ትርኢቶች አሉ፤ ጥቂት ወራት ብቻ ታይተው ለልጅ ልጅ መነጋገሪያ የሚሆኑም አሉ። በዚህ ጽሑፋችን ከነዚህ ከኋለኞቹ አንዱን፣ «እስረኛው» የተባለውን የእንግሊዝ ትርኢት እንመረምራለን። ለመሆኑ 17 ክፍል ብቻ የነበረው ትርኢት ከ50 ዓመት በላይ በሰው ልብ ሊቆይ የቻለው ስለ ምንድን ነው? (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ ስለ አመጣጡ እንናገር። ትርኢቱ በእንግሊዝ አገር የታየው ከሴፕቴምበር 1967 እስከ ፌብሩዋሪ 1968 ነው። ዋናው ተዋናይ ፓትሪክ ማክጉሃን ቀደም ሲል በአንድ የስለላ ትርኢት ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ያንን ትቶ አዲሱን አሳብ ለአምራቹ ኩባንያ አለቃ ለሉ ግሬድ አቀረበ። ማክጉሃን በኋላ እንደ ተናገረው ሊሠራ ያሰበው 7 ክፍል ብቻ ነበር፤ ለሽያጭ እንዲመች ግን ቁጥሩ ወደ 17 ከፍ አለ። እንግዲህ የትርኢቱ አጭርነት ከአሳቡ ጋራ አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የመንግሥት ምስጢር የሚያውቅ አንድ ሰው ሥራውን በቁጣ ይለቃል። እቤቱ ገብቶ ጓዙን ሲሸክፍ በጋዝ አደንዝዘው ይወስዱታል። ሲነቃ ራሱን «መንደሩ» በሚባል ያማረ ስፍራ ያገኘዋል። መንደሩ ወህኒ አይመስልም፤ አበባው፣ ሙዚቃው፣ ምግቡ፣ መኝታው ሁሉ የተሟላ ነው። የጎደለው ሁለት ነገር ነው፤ መውጫና ስም። ሰው ሁሉ የሚጠራው በቁጥር ስለ ሆነ እሱም «ቁጥር 6» ይባላል። ሊያመልጥ ሲሞክር ትልቅ ነጭ ፊኛ እያሳደደ ይመልሰዋል። «ቁጥር 2» የተባለው ሹም በየክፍሉ ይለዋወጣል ለማለት ይቻላል፤ ጥያቄው ግን አይለወጥም፦ ሥራህን ለምን ለቀቅህ?

ሁለተኛ፣ ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበውን «ጄኔራሉ» የተባለውን ክፍል እንመልከት። በመንደሩ የፈጣን ትምህርት ዘዴ ይታወጃል። ከናፖሊዮን ወዲህ ያለው የአውሮፓ ታሪክ፣ የብዙ ወራት ጥናት የሚጠይቀው፣ በቴሌቪዥን መስኮት በ15 ሴኮንድ በሰው አእምሮ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ነዋሪው ሁሉ መልሱን አንድ ቃል ሳያዛንፍ ይደግመዋል። ራሱ ቁጥር 6 ሳይቀር መልሱ ካፉ ሲወጣ ይደነግጣል። በመጨረሻ «ጄኔራሉ» ኮምፒዩተር ሆኖ ይገኛል፤ የማይመልሰው ጥያቄ የለም ይባልለታል። ቁጥር 6 ግን አንዲት ቃል ብቻ ያቀርብለታል፦ «ለምን?» መኪናውም መልስ አጥቶ ይፈነዳል።

ይህ ከተሠራ ዘመን አልፎታል፤ ነገሩ ግን አላረጀም። ፈተና ሲደርስ ስንሸመድድ የምናድር፣ ፈተናው ሲያልፍ የሸመደድነውን የምንረሳ እኛ ነን። ዛሬ ደግሞ በጠየቅነው ቅጽበት የተሰናዳ ጽሑፍ የሚያቀርቡ መኪናዎች በእጃችን ገብተዋል። መሣሪያውን መጥላት አይገባም። ነገር ግን መልስ መያዝና ማወቅ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን «እስረኛው» ቀድሞ አስተምሯል።

ሦስተኛው ነጥብ ፍጻሜው ነው። በመጨረሻው ክፍል ቁጥር 6 የመንደሩን የበላይ ገዥ «ቁጥር 1»ን አግኝቶ ጭምብሉን ሲገፍፍ የሚያየው የገዛ ራሱን ፊት ነው። ቁርጥ ያለ መፍትሔ ሲጠብቅ የነበረው ተመልካች እጅግ ተቆጣ። እኛ እንደሚመስለን ግን ትርኢቱን ያቆየው ይኸው ፍጻሜ ነው። እንቆቅልሹ ተፈትቶ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ ረክቶ ይተኛ ነበር፤ ስላልተፈታ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

በርግጥ ትርኢቱ እንከን የለውም አንልም። ማክጉሃን ለሌላ ፊልም ሥራ ርቆ በሄደ ጊዜ ሌላ ተዋናይ የተተካበት ክፍል ደካማ ነው። የትርኢቱ ዝና የመጣው ከስፍራው ውበት ነው የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ አርክቴክቱ ክላፍ ዊልያምስ ኤሊስ ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ዌልስ ያሠራው ፖርትሜሪዮን ዓይን ይማርካል። ነገር ግን በ2009 ትርኢቱ በናሚቢያ በረሃ ጭምር በ6 ክፍል እንደገና በተሠራ ጊዜ ውብ መልክዓ ምድር አላጣም፤ የፊተኛውን ያህል ግን ልብ አልያዘም። እንግዲህ ስፍራ ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም።

የፊተኛው ወዳጆች በ1977 ማኅበር አቋቁመው በዚያው በፖርትሜሪዮን ሲሰበሰቡ ኖረዋል። «ሲምፕሰንስ» የተባለው የአሜሪካ ካርቱን በ2000 በትርኢቱ ሲቀልድ ማክጉሃን ራሱ ድምፁን ሰጥቷል። እሱ በ2009 ዐረፈ፤ ጥያቄው ግን አላረፈም።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ምቾት በሞላበት መንደር ውስጥ ያለው እስራት ከሰንሰለት ይልቅ ለማወቅ ያስቸግራል። እኛም የመታወቂያ ቁጥር ተሰጥቶን በዚያው ተመዝግበናል፤ ቁጥሩ ለመዝገብ ቤት ሥራ ይጠቅማል። ክፍል ስንገባ ግን «ለምን?» ማለትን የረሳን እንደ ሆነ፣ ከቁጥር በቀር ምን ይቀርልናል?