ትል ያስተማረው ተማሪ

ትዕግሥት ማለት እጅን አጣጥፎ መጠበቅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ትዕግሥት ራሱ ሥራ መሆኑን የተረዳሁት ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው።

ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የኖረ ሊቅ ነው። በልጅነቱ ወደ አጎቱ ወደ መምህር ጌዴዎን ለትምህርት ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱ አልገባው ብሎ፣ ግርፋቱም ስለ በዛበት ጠፍቶ ሄደ። በመንገድም ከዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ፣ አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ግንዱን ሲወጣ፣ ሲወድቅ፣ እንደ ገና ሲጀምር፣ በመጨረሻም ሲደርስ አየ ይባላል።

ልብ እንበል፤ ትሉ ክንፍ አላበቀለም፤ ዛፉም አላጠረለትም። ያሬድንም የጠበቀው ያው መምህርና ያው መጽሐፍ ነው። እንደሚሳካለት ሳያውቅ መመለሱ እምነት ነው፤ በየዕለቱ ለትምህርቱ መቀመጡ ጽናት ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ ድጓውም ከዚህ ተማሪ የተገኙ ናቸው፤ እስከ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ይዜማሉ።

እንግዲህ ትምህርት የከበደን ሁሉ፣ መጽሐፉን በአንድ ቀን ለመጨረስ አንመኝ። ዛሬ አንድ ገጽ፣ ነገም አንድ ገጽ እንያዝ። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉ የለምን?